በሽታውን የሸሸገ ሰው

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በዚህ ምዕራፍ የምነግርህ ነገር ሽማግሌ ለልጅ ሲነግረው የሚያፍርበት ነገር ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በከንቱ አይደለም። እኔ በሽታዬን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሸሽጌ ኖርሁ። የሸሸግሁትም በሽታ የፍትወት ሱስ ነው።

ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ለማሳመር ወይም ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። አንተም፣ አንቺም በሃያ ዓመታችሁ ልታውቁት የምትችሉትን ነገር እኔ በኀምሳ ሰባት ዓመቴ ስላወቅሁት ነው። ባለቤቴም ረቂቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባ ይታተም ብላ ፈቅዳለች። ያለ እርስዋ ፈቃድ አንዲት ቃል እንኳ አልጽፍም ነበር፤ ታሪኩ የእኔ ብቻ ሳይሆን የእርስዋም ነውና።

የተወለድሁት በ1950 ዓ.ም. ሲሆን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየማለዳው ሰልፍ ላይ ጥፍራችንና ጥርሳችን ይታይ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ በቃላችን እናጠና ነበር፤ ውሸት የተናገረ ልጅም ይቀጣ ነበር። ስለዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ስለ ሥጋ ምኞት ግን የተነገረን «ሽሹ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ወዴት እንደሚሸሽ፣ ሸሽቶ ያልሆነለትም ሰው ለማን እንደሚናገር የነገረን አልነበረም።

በ1970 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንዲት የቆላ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ በአዲስ አበባ በቀይ ሽብር ተገደለ። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ራሱ የሚያስጠረጥር ስለ ነበር ድንኳን አልተተከለለትም፤ እኔም እንባዬን ዋጥሁ። ደመወዝ በተቀበልሁበት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጠጅ ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ወደ አንዲት ሴት ቤት ሄድሁ። በዚያች ሌሊት ኀዘኔን ረሳሁ። ልብ በል፤ ደስታ አገኘሁ አላልሁም፤ ኀዘኔን ረሳሁ ነው ያልሁት። ኋላ እንደ ተረዳሁት የነገሩ ሥር ይህ ነበር። በማግሥቱ ኀዘኑ ኀፍረትን አስከትሎ መጣ፤ ኀፍረቱን ለመርሳት ደግሞ እንደገና ሄድሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ጌታ ሆነብኝ።

በ1976 ዓ.ም. አገባሁ። ከሠርጉ በፊት «ካገባሁ ይተወኛል» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ብዙ ወጣቶች በዚህ ሐሳብ ስለሚሳሳቱ አጥብቄ እነግርሃለሁ፤ ጋብቻ የሱስ መድኃኒት አይደለም። ስድስት ወር ያህል ተወኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሄደ እንግዳ ዕቃውን ረስቶ እንደሚመለስ ተመለሰ። በ1980ዎቹ ዓመታት ኤድስ በከተማችን ሲበረታ አብረውኝ ካስተማሩት ሦስቱን ቀበርሁ። ከሦስተኛው ቀብር ተመልሼ በዚያው ሳምንት እንደገና ወጣሁ። ሞትን በዐይኑ አይቶ የማይመለስ ሰው ልጓሙ ከእጁ እንደ ወጣ ያን ጊዜ መረዳት ይገባኝ ነበር፤ አልተረዳሁም። ኋላም የቪዲዮ ካሴት መጣ፤ ከዚያም በእጅ ስልክ የሚታየው የርኩሰት ፊልም መጣ። መንገዱ እየቀረበ ሄዶ በመጨረሻ ከኪሴ ገባ።

ከቤቴ ውጭ ያገኘኋቸውም ሴቶች ድህነት ወደዚያ ያወረዳቸው የሰው ልጆች ነበሩ። እኔ ኀዘኔን ለመርሳት ስሄድ የእነርሱን ኀዘን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ይህም በዕዳዬ ላይ የሚቆጠር ነው።

ለመተው አልሞከርሁም እንዳትል። ጾሜአለሁ፤ ስለት ተስያለሁ፤ ምያለሁ። በመጽሐፍ ቅዱሴ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ» ብዬ ቀኑን እየጻፍሁ እፈርም ነበር። ኋላ ብቆጥራቸው አርባ አንድ ፊርማ ሆነው አገኘኋቸው። በነጋታው ደግሞ ክፍል ገብቼ ስለ ታማኝነት አስተምር ነበር።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባለቤቴ የልጃችንን የኮሌጅ ክፍያ ልታወጣ ባንክ ሄደች። በዕቁብ ያጠራቀምነው 24 ሺህ ብር መኖር ሲገባው የቀረው 600 ብር ነበር። ማታ ስገባ የባንኩን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። እኔም እንደ ለመድሁት «ለአንድ ዘመድ አበደርሁ» አልሁ። እርስዋም ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦

«የገንዘቡን ነገር አልጠየቅሁህም። አንተ የት ነህ ነው የምልህ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ ዛሬ ማንን እንዳገባሁ አላውቅም።»

በዚያች ሌሊት ከእውነቱ ጥቂቱን ነገርኋት። በሳምንቱ ደግሞ ጥቂት ጨመርሁ፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ ሌላ። ይህ ከጥፋቴ ሁሉ የከፋው ጥፋት ነበር ብዬ አምናለሁ። እርስዋ አንዱን ቁስል ሳታስር እኔ ሌላውን እከፍት ነበርና፤ «አሁንስ ጨረስህ?» ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር «ጨረስሁ» ብዬ እዋሽ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቢኖር፤ ከሚያማክረው ሰው ጋር ተዘጋጅቶ እውነቱን በአንድ ጊዜ ይናገር እንጂ እንደ ቁንዶ በርበሬ እየቆነጠረ አይስጥ።

እርስዋ በመጀመሪያ ራስዋን ወቀሰች። «አርጅቼ ነው? ጎድዬብህ ነው?» ትለኝ ነበር። ይህ እርስዋን ሳላውቃት የጀመረ ነገር መሆኑን ልነግራት ብሞክርም ከእኔ አፍ የሚወጣ ቃል ሁሉ ዋጋ አጥቶ ነበር። ከዚያም ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄዳ ደምዋን አስመረመረች። «ነፃ ነሽ፤ ነገር ግን በሽታው በመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ ላይታይ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ» አሏት። በእነዚያ ሦስት ወራት ከሰውነትዋ ጎደለች፤ ሌሊት ሌሊት ስትነሣ እሰማት ነበር። ሁለተኛውም ምርመራ ነፃ ሆነ፤ የእኔም እንደዚሁ። ይህን የእግዚአብሔር ቸርነት እለዋለሁ እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አልለውም።

ወሬው ለቤተ ዘመድ ሲሰማ ሦስት ሽማግሎች መጡ። ደጋግ ሰዎች ነበሩ። «ወንድ ነው፤ ይሳሳታል፤ ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» አሏት። ባለቤቴ ቡና ቀድታ ካቀረበችላቸው በኋላ እንዲህ ስትል መለሰች፦

«አባቶቼ፤ እርቅ አልጠላሁም። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ሰው ታርቄአለሁ ብሎ ይራመዳልን? መጀመሪያ ይታከም። እርቁን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

በቤታችን «ይታከም» የሚለው ቃል የተነገረው በዚያ ቀን ነው። ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እኔም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ነርስ የአእምሮ ሐኪም ያለበትን ሆስፒታል ነገረችን። ፈራሁ። በአገራችን «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት እንደ ሆነ ታውቃለህ። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስንቱን በሽተኛ ሲያክም የኖረ ሲሆን እኛ ስሙን ስድብ አድርገነዋል። በዚህም ስድብ ምክንያት ስንት ሰው ሕመሙን ተሸክሞ ቤቱ ቀርቶአል!

ስሜ ተጠርቶ ከባለቤቴ ጋር ስገባ ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሼ» አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነበር። አንድ ቀን የሌላ ልጅ ደብተር ገልብጦ ዋሽቶኝ በክፍሉ ሁሉ ፊት መትቼዋለሁ። ወዲያውኑ ዞሬ ልወጣ አሰብሁ። እርሱም ነገሩ ገብቶት፦

«ጋሼ፤ ከፈለጉ ለሌላ ሐኪም ላስተላልፍዎ እችላለሁ፤ ምንም ቅር አይለኝም። እዚህ የሚናገሩት ነገር ግን ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለኝ።

ባለቤቴ ተቀምጣለች፤ አልተነሣችም። እኔም ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያን ልጅ ስለ ውሸት የመታሁት እኔ፤ በፊቱ የሠላሳ ሰባት ዓመት ውሸቴን ተናገርሁ።

ሐኪሙ አልገሠጸኝም፤ አላባበለኝምም። ስንት እንደምጠጣ፣ እንዴት እንደምተኛ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀኝ። አንዳንድ መድኃኒቶች፤ ለምሳሌ ለፓርኪንሰን በሽታ ከሚሰጡት አንዳንዶቹ፤ እንዲህ ያለውን ግፊት ሊያመጡ ይችላሉና። እንቅልፍ ሳያምረኝ ከመጠን በላይ የምደሰትበትና የምፈነጥዝበት ጊዜ መኖሩን ጠየቀ፤ ይህም የሌላ የአእምሮ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ራሴን ስለ ማጥፋት አስቤ እንደ ሆነም ጠየቀኝ፤ አዎን አልሁ። ባለቤቴ ይህን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻም «ለመተው ስንት ጊዜ ሞከሩ?» አለኝ። «አርባ አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፦

«አርባ አንድ ጊዜ የፈረመ ሰው ፈቃድ አላጣም፤ ዘዴ ነው ያጣው» አለኝ።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን በሥርዓት ልንገርህ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. አዲሱን የበሽታዎች መዝገብ ሲያጸድቁ ይህን ሕመም በውስጡ አስገብተውታል፤ መዝገቡም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎአል። መዝገቡ ነገሩን ከሱሶች ጋር ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ከሚያቅትባቸው ሕመሞች ጋር መድቦታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ አልተቀበለውም። ስለዚህ ሱስ ይባል ወይስ አይባል እያሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ሱስ የምለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ስለ ሆነ ነው።

መዝገቡ የሚሰጣቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፤ ሰውየው ለብዙ ጊዜ፣ ይኸውም ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ፣ የፍትወት ግፊቱን መግታት ሲያቅተው። ሁለተኛ፤ ነገሩ የኑሮው ማዕከል ሆኖ ጤናውን፣ ሥራውንና ኀላፊነቱን ሲያስረሳው። ሦስተኛ፤ ብዙ ጊዜ ለመተው ሞክሮ ሲያቅተው። አራተኛ፤ ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ሌላ ጉዳት ሲደርስበት እያየ ሲቀጥል። አምስተኛ፤ ደስታ እንኳ ሳያገኝበት ሲያደርገው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይገኙ ማለት አይደለም፤ ዋናው ግን ሰውየው መቆጣጠር ማቃቱና በዚህም የተነሣ በኑሮው ላይ ከባድ ጉዳት ወይም ጭንቀት መድረሱ ነው።

እዚህ ላይ ወጣት ሆይ፤ ሁለት ነገር ለይ። ሕጉን ጥሻለሁ የሚል ኀፍረትና የሕሊና ወቀሳ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ መዝገቡም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ምኞት ስለ ተሰማህ ብቻ «ታምሜአለሁ» ብለህ አትሸበር፤ ምኞት ከተፈጥሮ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሕመሙን ስም መሸሸጊያ አታድርገው። ሚስቱን ያታለለ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ታማሚም ቢሆን የዋሸውን ውሸትና ያባከነውን ገንዘብ በሽታው አይከፍልለትም። ያልፈቀደን ሰው ማስገደድ ወይም በሕፃን ላይ ክፉ ማድረግ ደግሞ ወንጀል ነው፤ የሚጠየቅበትም በፍርድ ቤት ነው። እኔ በሚሲዮን ቤት የተማርሁት ንስሐ አልቀረልኝም፤ ሐኪም ቤት መሄዴም ንስሐዬን አልሻረውም። ንስሐ ለበደል ነው፤ ሕክምና ለሕመም ነው፤ እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ።

የታከምሁበት መንገድ እንዲህ ነው። ትንሽ ደብተር ያዝሁ። ምኞቱ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ያለሁበትን ቦታና ከዚያ በፊት የተሰማኝን ነገር ጻፍሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያላየሁትን አየሁ። ነገሩ የሚነሣው በደመወዝ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆንና ሰው ሲያዋርደኝ ነበር። ስለዚህ ደመወዜን ባለቤቴ እንድትቀበል ውክልና ሰጠኋት፤ ፊልም የሚያሳየውን ስልክ ትቼ ለመነጋገር ብቻ የሚሆን ስልክ ያዝሁ፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ የሠፈር ልጆችን በነፃ ሒሳብ ማስተማር ጀመርሁ። ምኞት እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ሲሞላ የማያባራ ይመስላል፤ ካልገቡበት ግን ዳር ቆመው ሳሉ ይጎድላል። ይህን በሰዓት ለክቼ አይቼዋለሁ። ለድብርቱም መድኃኒት ተሰጠኝ። ስለ ወንድሜም በሐኪሙ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ብቻዬንም አልቀረሁም። በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአክሮን ከተማ ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሰካራሞች ተገናኝተው እርስ በርሳቸው በመነጋገር መጠጥን ለመተው ተረዳዱ፤ ከዚያም የስም የለሽ አልኮለኞች ማኅበር ተወለደ። በዚያው ዐይነት የፍትወት ሱስ ላለባቸው የተቋቋሙ ማኅበራት በልዩ ልዩ አገር አሉ። እኔም ሐኪሙ ካገናኘኝ ከሁለት ሰዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እገናኝ ጀመር። ሰው የሸሸገውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ሸክሙ ይቀልለታል።

በሰባተኛው ወር ወደቅሁ። ከዚህ በፊት ቢሆን አርባ ሁለተኛ ፊርማ እፈርም ነበር። በዚያ ቀን ግን ከመምሸቱ በፊት ለባለቤቴ ነገርኋት። አለቀሰች፤ ከዚያም «ዛሬ መውደቅህን ሳይሆን ዛሬውኑ መናገርህን እቆጥርልሃለሁ» አለችኝ። ሐኪሙም ደብተሩን ከፍቶ በዚያ ሳምንት የተጻፈ ነገር እንደሌለ አሳየኝ። መጻፍ ያቆምሁ ጊዜ ነበር የወደቅሁት።

አንቺ ወጣት አንባቢዬ፤ ይህን ነገር በእጮኛሽ ወይም በባልሽ ላይ ብታይ፤ አንተም በሚስትህ ላይ ብታይ፤ ሕመሙ ሴትንም ይይዛልና፤ ባለቤቴ እንድጽፍላችሁ የነገረችኝን ስሙ። ገንዘብ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲጎድል፣ የመዘግየት ምክንያት ሲበዛ፣ ስልክ ከእጅ የማይለይ ሲሆን፣ ስትጠይቁትም ጥፋቱ ወደ እናንተ ሲዞር ልብ አድርጉ። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለምና ሳትሳደቡ ጠይቁ። እውነቱ ከታወቀ መጀመሪያ የራሳችሁን ጤና አስመርምሩ። ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አትጫኑ። የባላችሁ ሰላይ ሆናችሁ አትኑሩ፤ ኪስ በመፈተሽ ሱስ አይድንም፤ ፈታሹም ይታመማል። ለራሳችሁም የምታምኑትን ሰው ወይም አማካሪ ፈልጉ። መታረቅም መለያየትም የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ማንም አያስቸኩላችሁ። ዱላ ወይም ማስፈራራት ያለበት እንደ ሆነ ግን ከሁሉ በፊት ራሳችሁንና ልጆቻችሁን ወደ ደኅና ቦታ አውጡ።

እርስዋ አንድ ዓመት ከስድስት ወር በሌላ ክፍል ተኛች። ሽማግሎቹ ተመልሰው መጥተው ያስታረቁን ከዚያ በኋላ ነው። ልጃችን በአክስትዋ ብድር ተምራ ተመረቀች፤ ብድሩንም እኔ ከጡረታዬ ላይ በየወሩ እየከፈልሁ በ2014 ዓ.ም. ጨረስሁ። ባለቤቴ እንደ ቀድሞው ታምንሃለች ወይ ብትሉኝ መልሱን እርስዋን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ዛሬም የባንኩ ደብተር በእርስዋ ሣጥን ውስጥ መሆኑን፣ እኔም መልሽልኝ ብዬ አለመጠየቄን ነው።

ያን የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ አልቀደድሁትም። አርባ አንዱም ፊርማ በዚያው አለ። እነዚያን ሁሉ የፈረምሁት ማንም ሳያየኝ ብቻዬን ነበር፤ ስለዚህም ማንም አልያዘኝም። ወጣት ሆይ፤ አንተም እንደ እኔ በሥውር የምትፈርም ከሆንህ፤ ከሚቀጥለው ፊርማህ በፊት ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ፈልግና ንገረው፤ እርሱንም ይዘህ ወደ ሐኪም ሂድ። እኔ በኀምሳ ሰባት ዓመቴ ሄጄ በሩ አልተዘጋብኝም። አንተ ግን ይህን ያህል አትቆይ።